የሰፈራችንን ስም ማን ያውጣው?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ ወገኖቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ፣ ማወራችሁ ስለ ሰፈር ስም ነው። የደሴ ልጅ ስለሆንኩ ከደሴ ልጀምር።

እስቲ ስሞቹን ዝም ብላችሁ ስሟቸው፦ ሰኞ ገበያ፣ ቧንቧ ውሃ፣ አራዳ፣ ሸዋ በር፣ አረብ ገንዳ፣ ሆጤ፣ ሳላይሽ። እነዚህን ስብሰባ ተቀምጦ ያወጣቸው የለም እኮ፣ የኖረበት ሰው ነው ያወጣቸው። ፒያሳንም ውሰዱ፣ ጣልያን በ1928 ደሴ ገባ በ1933 ወጣ፣ ቃሉ ግን እዚሁ ቀረ፣ የወራሪ ቃል ነው ብሎ የተፀየፈው የለም፣ ምክንያቱም ቀጠሮ የያዝነው እዛ ነው፣ ሻይ የጠጣነው እዛ ነው፣ የኛ ሆነ በቃ።

ከዛ ቁጥር መጣ። ሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ወጥቶ የከተማ መሬትና ትርፍ ቤት የመንግስት ሲሆን ቀበሌ ሚባለው ነገር በዛው ተቋቋመ፣ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነውን ቤት ቀበሌው ያስተዳድር ነበር፣ ከዛ በላይ ያለው ኪራይ ቤቶች ወደሚባለው የመንግስት መስሪያ ቤት ይሄድ ነበር። ስኳሩም መታወቂያውም በቀበሌ ሆነ። እና ምን መሰላችሁ፣ ቁጥሩ ራሱ ስም ሆነ! «የ09 ልጅ ነኝ» ሲል ደረቱን ነፍቶ ነው፣ ሰፈር ለሰፈር ኳስ ሲገጥም በቁጥሩ ነው ሚጨፈርለት። ስለዚህ እኔ ቁጥርን አልጠላም፣ ሰው ከኖረበት ቁጥርም ነፍስ ይዘራል።

እኔን ሚያሳስበኝ ከዛ በኋላ ያለው ነው። መዋቅር በተቀየረ ቁጥር ቀበሌው ከቀበሌ ይዋሃዳል፣ ቁጥሩ ይቀየራል፣ መታወቂያው ላይ ሌላ ሰው አፍ ላይ ሌላ። አንድ ሌሊት ጎረቤታችን ምጥ ያዛት፣ ባሏ አምቡላንስ ደውሎ እየተንቀጠቀጠ ነው ሚያወራው፣ «ቀበሌ ስንት?» ሲሉት ነገራቸው፣ «አዲሱ ነው የድሮው?» አሉት፣ እሱ ደግሞ «ዛፉ ጋ ስትደርሱ በግራ ታጠፉና» ይላል፣ ዛፉ እኮ ተቆርጧል፣ ስሙ ብቻ ነው የቀረው፣ እኛ እናውቀዋለን ሹፌሩ ከየት ያውቀዋል። መጨረሻ ላይ አንድ ልጅ የሞባይል መብራት ይዞ አስፋልት ድረስ ሮጦ መኪናውን መርቶ አመጣው። አልሃምዱሊላህ በሰላም ወለደች።

በዛው ሰፈር ግን ሰው ሲሞት ማንም አይጠፋበትም! ቅሬው አለ፣ ሌላው አገር እድር ሚለው ማለት ነው። የቅሬ ጥሪ ሚያሰማው ሰው የት እንደሚዞር፣ የት ጋ ቆሞ እንደሚጣራ፣ የቱ ቤት የቱ ቅሬ ውስጥ እንዳለ አንድ በአንድ ያውቃል፣ የሰፈሩ ወሰን በቅሬ ዳኛው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። እኔ ምለው፣ ማዘጋጃ ቤት ስም ሲያወጣ፣ አዲስ ኮብልስቶን ሲያነጥፍ፣ ታፔላ ሲተክል ለምንድነው መጀመሪያ ቅሬውን ማይጠይቀው? ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሚቀመጥበት ቦታ ነው፣ ከዛ የተሻለ የህዝብ ስብሰባ ከየት ይመጣል?

ስም አይቀየር እያልኩ አይደለም። እዚሁ ወሎ ላሊበላ እኮ ሮሃ ነበረች፣ በንጉሡ ስም ተተካ፣ ሮሃም ግን እስከዛሬ ከሰው አፍ አልጠፋችም። በትእዛዝ ብቻ ስም አይሞትም፣ ናዝሬትና አዳማን፣ ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱን ሁለቱንም ሚጠራ ሰው ሞልቷል።

በሰው ስም ሲሰየም ደግሞ ሰውየው ማን እንደሆነ ይፃፍልን። ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤትን ማያውቅ የደሴ ሰው የለም፣ ግን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት መሆኗን ስንቱ ተማሪ ያውቃል? በሴት ስም የተሰየመ ነገር ስንት አለንና! በሩ ላይ ሁለት መስመር ቢለጠፍ ምን ይጎዳል።

እና አንድ ነገር ላስቸግራችሁ፣ ከወልዲያም ከኮምቦልቻም ከሐይቅም ከባቲም ያላችሁ፣ እናት አባቶቻችሁ ሰፈራችሁን ድሮ ምን ብለው እንደሚጠሩት፣ ለምን እንደዛ እንደተባለ፣ በራሳቸው ድምፅ ቅዱና ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ኤፒሶድ አሰማዋለሁ። ደህና ሁኑ።