3 ለ 5 ሲባል፦ ንጥጥርና ድምር ያለበትን ጥያቄ እንዴት እንፍታ?

(ስክሪን ላይ፦ የማንጎ ክምር፣ ሁለት ሴቶች)

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ነን። ሁለት እህትማማቾች ገንዘብ አዋጥተው ማንጎ ይነግዳሉ። የታናሽየዋ መዋጮ ከታላቋ ጋር 3 ለ 5 ነው። ትርፉንም በዚያው ልክ ይካፈላሉ። ሳምንቱን 4,800 ብር አተረፉ። ለእያንዳንዳቸው ስንት ይደርሳቸዋል?

ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ይቸኩላል። 4,800ን ለ3 ያካፍላል፤ 1,600። ደግሞ ለ5 ያካፍላል፤ 960። አቦ፣ እስቲ ቆም ብላችሁ እዩት! ብዙ ያዋጣችው ታላቋ ትንሹን ወሰደች። ሁለቱ ሲደመሩም 2,560 ብቻ ነው። 2,240 ብር የት ገባ?

3 እና 5 ብር አይደሉም። ለታናሽየዋ 3 እጅ፣ ለታላቋ 5 እጅ ማለት ነው። በጠቅላላው 8 እጅ። እጆቹ እኩል ናቸው፤ አንዱ እጅ ስንት ብር እንደሆነ ግን ገና አላወቅንም። እሱን ኤክስ እንበለው።

(ስክሪን ላይ)
3ኤክስ + 5ኤክስ = 4,800
8ኤክስ = 4,800
ኤክስ = 600

እርሳሳችሁን እንዳታስቀምጡ! 600 የአንድ እጅ ነው፤ የተጠየቅነው የየድርሻቸውን ነው። ታናሽየዋ 3 × 600፣ 1,800 ብር። ታላቋ 5 × 600፣ 3,000 ብር። ደምሩት፤ 4,800 ይመጣል።

አሁን ትንሽ እናክብደው። ቀጣዩን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፤ አስተውሎ ያላነበበውን ይጥለዋል። ያው 4,800 ብር በባለ 50 እና በባለ 100 ኖቶች ነው። የኖቶቹ ብዛት 2 ለ 3 ነው። ከየዓይነቱ ስንት ኖት አለ?

2ኤክስ + 3ኤክስ = 4,800 ብሎ መጻፍ ያጓጓል። ግን በግራ ያለው የኖት ብዛት፣ በቀኝ ያለው ብር ነው። እኩል ናቸው ማለት አንችልም። መጀመሪያ ኖቱን ወደ ብር እንለውጥ። 2ኤክስ ባለ 50 ኖቶች 100ኤክስ ብር ይሆናሉ። 3ኤክስ ባለ 100 ኖቶች ደግሞ 300ኤክስ ብር።

(ስክሪን ላይ)
100ኤክስ + 300ኤክስ = 4,800
400ኤክስ = 4,800
ኤክስ = 12

ስለዚህ 24 ባለ 50፣ 36 ባለ 100። በብር 1,200 እና 3,600። ሞላ።

አንዳንዴ ድምሩ አይነገራችሁም፤ ልዩነቱ እንጂ። ትርፉ 3 ለ 5 ተካፍሎ ታላቋ በ1,400 ብር በለጠች እንበል። ያኔ መደመሩን ትታችሁ ቀንሱ፦ 5ኤክስ − 3ኤክስ = 1,400። ቪዲዮውን አቁሙና ጠቅላላ ትርፉን አውጡ።