ጭሱ ባይታይም መርዙ አለ፤ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «ዘላለማዊ ኬሚካሎች» የሚባሉት ፒፋሶች (ካርቦንና ፍሎሪን የተያያዙባቸው ሰው ሠራሽ ውህዶች) እንደ ሌላው ቆሻሻ ተቃጥለው የማይጠፉት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ካርቦንና ፍሎሪን የተያያዙበት ትስስር በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ከሚታወቁት ነጠላ ትስስሮች ሁሉ የጠነከረ ስለሆነ ነው። እሳት ሞለኪውሉን ሊሰብረው ይችላል፤ ከስብርባሪው ፍሎሪኑን መንቀል ግን እጅግ ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ በመሥሪያ ቤታችን ጊዜው ያለፈበት የእሳት ማጥፊያ አረፋ በበርሜሎች ተቀምጧል። ናፍጣ ጨምረን ጓሮ ብናቃጥለውስ?

መልስ፦ በፍጹም እንዳያደርጉት እለምንዎታለሁ። ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ ስለሚቀርብልኝ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። በብዙ አሮጌ አረፋዎች ውስጥ የሚገኘው ከፒፋሶች አንዱ የሆነው ፒፎስ የተባለው ውህድ እ.ኤ.አ. በ2009 በስቶክሆልም ስምምነት (በቀላሉ የማይጠፉ መርዛማ ኬሚካሎችን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ውል) ከተከለከሉትና ከተገደቡት ኬሚካሎች ተርታ ገብቷል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ክሎሪንና መሰሎቹ ለበዙበት አደገኛ ቆሻሻ 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ቢያንስ ለ2 ሰከንድ እንዲጠበቅ ያዛል፤ ፒፋስ ሲቃጠል ከስብርባሪው ሊፈጠር የሚችለውን ካርቦን ቴትራፍሎራይድ የተባለ ጋዝ ለመስበር ደግሞ ከ1,400 ዲግሪ በላይ ያስፈልጋል። የጓሮ እሳት መሐሉ ቢግል እንኳ ዳር ዳሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ኬሚካሉ ሳይሰበር ወይም በከፊል ብቻ ተሰብሮ በአየር ይሄድና አፈርና ውኃ ላይ ያርፋል። በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚያማስለው ሰው ደግሞ ከቃጠሎው የሚወጣውን ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ሊተነፍስ ይችላል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ የሳንባ ጉዳቱም ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ይችላል። ጭሱ ባይታይም መርዙ አለ።

ጥያቄ፦ ዘመናዊ ማቃጠያ ካለን ችግሩ አለቀ ማለት ነው?

መልስ፦ በሙቀቱ፣ በቆይታው፣ በአየርና በቆሻሻው መደባለቅ እንዲሁም በጭስ ማጠቢያው ይወሰናል። ማጠቢያው ሃይድሮጅን ፍሎራይዱን በኖራ ይዞ ወደ ካልሲየም ፍሎራይድ ይለውጠዋል። «99.99 በመቶ ጠፋ» የሚል ሪፖርት ሲቀርብልዎ ግን የተለካው ዋናው ውህድ ብቻ እንደሆነ፣ ስብርባሪዎቹም ተለክተው እንደሆነ ይጠይቁ፤ ካርቦን ቴትራፍሎራይድ ካመለጠ በከባቢ አየር ውስጥ በአስር ሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ይቆያልና። እዚህም ቢሆን ጭሱ ባይታይም መርዙ ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ አመዱን ማሳ ላይ መበተን ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ትናንት እንዲህ ያለ ጭስ ተነፍሻለሁ፤ አሁን ግን ደህና ነኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ደህንነት ቢሰማዎትም ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ምን እንደተቃጠለም ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ታዲያ በርሜሎቹን ምን እናድርጋቸው?

መልስ፦ ክዳናቸውን አጥብቁ፤ በውስጣቸው ያለውን በላያቸው ጻፉ፤ ከውኃ መውረጃ አርቃችሁ በጣሪያ ሥር አስቀምጧቸው፤ ከዚያም አደገኛ ቆሻሻ ለማስወገድ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጥሩ።