ደቻቱ የመለሰው ካሴት

(መክፈቻ፦ ኪቦርድ ብቻ፣ ቀስ ያለ ችክችካ)

ካሴት፦ እንደምን አመሻችሁ? ዛሬም ከድሬ ነን፣ ከከዚራ። ሙቀቱ ስለማያስቀምጥ ቬንትሌተሩን አልዘጋነውም። ድምፁ ከገባ ይቅርታ።

ኦርጋን፦ ምን ይቅርታ አለው አቦ! ሰው "ዘፈኔ የድሮ ይምሰል" ብሎ እንዲህ ያለ ሹሹታ በብር ይገዛል።

ካሴት፦ ለአዲስ አድማጮች፣ እዚህ በሰፈር ስማችን ነው የምንጠራራው። እኔ ካሴት የተባልኩት አጎቴ መጋላ ውስጥ ካሴት ቤት ስለነበረው ነው። ኦርጋን ደግሞ ሰርግ ላይ ኪቦርድ ይጫወታል።

ኦርጋን፦ ኪቦርድ ነው፣ ኦርጋን አይደለም እያልኩ ስንት ዓመት ተከራከርኩ። በመጨረሻ ስሙ አሸነፈኝ።

ካሴት፦ አንዲት አድማጭ ደግሞ፣ "አሥር ዓመት ትበልጪዋለሽ፣ እንዴት አንቺ ይልሻል?" ብላ ተቆጥታለች።

ኦርጋን፦ ድሬ ላይ አንቱ ያልኳት ቀን ተጣልተናል ማለት ነው፣ ያኔ ተቆጪ።

ካሴት፦ በቃ፣ የሙሽራውን ነገር ንገራቸው።

ኦርጋን፦ እሺ። ባለፈው አንድ ሙሽራ መጣ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። "ዘመናዊ ነገር አልፈልግም፣ ክላሲክ ነው የምፈልገው" አለኝ። ስልኩን አውጥቶ አሰማኝ። ሳክስፎን፣ ትራምፔት፣ ያ ዋህ ዋህ የሚል ጊታር፣ ያ የሚንቀጠቀጥ ኦርጋን፣ የ60ዎቹ ነገር በሙሉ። እኔም ደስ አለኝ፣ ወላሂ። በመጨረሻ ዋጋ ሲጠራ ለአንድ ሰውና ለአንድ ኪቦርድ የሚከፈለውን ጠራ።

ካሴት፦ አሥር ሰው በአንድ ሰው ዋጋ።

ኦርጋን፦ እሱን እንኳ እንርሳው። ነፊውን ከየት ላምጣ? እኔ የማውቃቸው ትራምፔት የሚነፉ ሰዎች ማርሽ ባንድ ውስጥ ነው ያሉት። ዩኒፎርማቸውን አውልቀው ሰርግ ይመጣሉ?

ካሴት፦ ሳቅህ እንጂ ነገሩ'ኮ የተጀመረው እንደዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም 40 የአርመን ልጆች አመጡ፤ አርባ ልጆች የሚባሉት። እነሱ የቤተ መንግሥት ማርሽ ባንድ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ክቡር ዘበኛው፣ ፖሊሱ፣ ጦር ሠራዊቱ የየራሱን ኦርኬስትራ አቆመ። እዚያ ነፊው ደመወዝ አለው፣ መሣሪያው የመንግሥት ነው፣ ልምምዱ ግዴታ ነው። ያ ሙሽራ የወደደው ድምፅ የተገነባው በዚህ ላይ ነው።

ኦርጋን፦ እንግዲህ "መጀመሪያ አንድ ክፍለ ጦር አቋቁም" ልበለው።

ካሴት፦ (ሳቅ) ሸክላውም ቢሆን ብዙ ዘመን አልቆየም። አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ያኔ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነበር። እሱ ግን ደፍሮ ገባበት፤ መጀመሪያም ዓለማየሁ እሸቴን አስዘፈነ። ሸክላው ውጭ አገር እየታተመ ይመጣ ነበር። እስከ 1975 ከመቶ በላይ ሲንግል አወጣ፤ ከዚያ በኋላ የለም። ስድስት ዓመት!

ኦርጋን፦ በነገራችን ላይ እኛ "የ60ዎቹ" የምንለውን ፈረንጆቹ "የ70ዎቹ" ይሉታል፣ በካሌንደር ምክንያት። አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ከአንድ ጣሊያናዊ ጋር በዚህ ተጣልተን ሁለታችንም ትክክል ሆነን ተገኘን።

ካሴት፦ እኔ የምለው፣ ያ ሁሉ ሰው "ድሮ" ሲል የሚያስበው የአንድ ከተማ ጥቂት ዓመት ነው። አዲስ አበባ፣ ማታ፣ ክለብ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ኤትዮፒክስ በሚለው ተከታታይ ሲዲ ለዓለም ስላሰማው፣ ውለታው ትልቅ ነው፣ አልክድም። ግን አሁን ልጆቹ ሁሉ ድሮ ማለት እሱ ብቻ ይመስላቸዋል።

ኦርጋን፦ አንድ ነገር ልጨምር። ያ ትንሹ ሸክላ፣ በደቂቃ 45 ዙር የሚዞረው፣ በአንድ ፊቱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ዘፈኑ አጭር ነው፣ ጠባብ ነው፣ እያንዳንዱ መሣሪያ ቦታውን ያውቃል። ሙሽራው ያሰማኝ ሁሉ ሦስት ደቂቃ፣ አራት ደቂቃ ነው። ሰርግ ላይ አንድ ዘፈን በሦስት ደቂቃ ብጨርስ አክስቶቹ ይደበድቡኛል። ገና ወገባቸው ሳይሞቅ!

ካሴት፦ እና ምን አልከው?

ኦርጋን፦ በኪቦርዱ ሁሉንም አወጣለሁ አልኩት። ሳክስ አለው፣ ትራምፔት አለው።

ካሴት፦ አለው?

ኦርጋን፦ ትራምፔት የሚል ቁልፍ አለው። (ሳቅ) እውነቱን ልናገር፣ ያ ድምፅ ትንፋሽ የለውም። ነፊ ሰው አየር ያልቅበታል፣ ስለዚህ ሐረጉን የሚቆርጠው ሳንባው ነው። እኔ ጣቴን እስካላነሳሁ ድረስ አያልቅም። ሰው ምክንያቱን ባያውቀውም ይሰማዋል።

ካሴት፦ ለዚህ ነው ኪቦርድ ባንዱን ገደለ የምለው። ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የማታው ሥራ ቀዘቀዘ። ቀጥሎ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ገባ። ነፊዎቹ ተበተኑ፤ አንድ ሰው ከአንድ ማሽን ጋር ቀረ።

ኦርጋን፦ ቆይ፣ ቆይ። ሸክላውንስ ማን ገደለው? ካሴት አይደለም?

ካሴት፦ ...

ኦርጋን፦ ዝም አለች! ይመዝገብልኝ።

ካሴት፦ ካሴት ቢያንስ ድሃ ቤት ገብቷል አቦ።

ኦርጋን፦ ኪቦርድም ድሃ ሰርግ ገብቷል። እኔን የሚያስቀኝ ምን መሰለሽ? አሁን ያ የተናቀው የማሽን ዘመን ራሱ ክላሲክ ሆነ። ኃይሉ መርጊያን ውሰጂ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄደ፣ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና ድራም ማሽን ይዞ አንድ ካሴት ቀዳ። ካሴት ነው እንግዲህ፣ ያንቺ ወገን። ከዚያ ሙዚቃውን ትቶ ታክሲ ነዳ። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ያ ካሴት እንደገና ታተመ፣ ዓለም ሰማው፣ ሰውየው ወደ መድረክ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አልበም አወጣ።

ካሴት፦ ታክሲ ተራ ላይ መለማመዱን በጣም ነው የምወደው። የኛን ፔጆ የሚነዱ ሽማግሌዎች ሳይ ከኋላ ምን ጭነው ይሆን እላለሁ።

ኦርጋን፦ ጫት።

ካሴት፦ (ሳቅ) ግርማ በየነም እንደሱ ነው። ያን ሁሉ ዘፈን ያቀናበረ ሰው፣ ከዋልያስ ጋር ሄዶ አሜሪካ ቀርቶ፣ ስንት ዓመት ዝም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 አካለ ውቤ ከሚባለው የፓሪስ ባንድ ጋር አልበም አወጣ። ፈረንሳዮቹ የድሮውን ቅንብር ነጥብ በነጥብ አጥንተው ነው የጠበቁት።

ኦርጋን፦ እዚህ ላይ እኔና አንቺ እንለያያለን። አንቺ መኮረጅ አትወጂም። እኔ ግን ሳይኮርጅ የተማረ ሙዚቀኛ አላየሁም። ዓለማየሁ ራሱ የሐበሻ ኤልቪስ ነው የተባለው'ኮ።

ካሴት፦ መኮረጁን አልጠላም። የማን ድሮ እንደሚኮረጅ ነው ጥያቄዬ። ያ ሙሽራ የድሬ ልጅ ነው። አያቱ የጨፈረው በምን ነበር? በትራምፔት አልነበረም።

ኦርጋን፦ እሱስ እውነት ነው።

ካሴት፦ ከተማችን የተወለደችው በባቡሩ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1902። ያኔ ወደዚህ ዕቃ የሚገባው ከጂቡቲ ነበር፣ ሬዲዮውም ከዚያው ከባሕሩ ወገን ነበር የሚሰማው። ሶማሊኛው፣ ዐረብኛው፣ የሱዳኑ፣ ሲኒማ ቤት ደግሞ የሕንዱ። አሊ ቢራ ከዚህ ነው የወጣው፣ ከገንደ ቆሬ። ገና ልጅ ሆኖ ነው አፍረን ቀሎ የገባው። እዚህ ድሬ የተቋቋመ፣ በኦሮምኛ የሚዘፍን ቡድን ነው፤ ስሙ "አራቱ ቀሎዎች" ማለት ነው። "ቢራ" የሚለውም ከአባቱ ያገኘው ስም አይደለም፤ መጀመሪያ መድረክ ላይ ከዘፈነው ዘፈን የወጣለት ነው። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ የሚጠራበት ወቅት ማለት ነው፣ በኦሮምኛ።

ኦርጋን፦ እንደኔ ነዋ! እሱንም ስሙ አሸነፈው።

ካሴት፦ እሱን ግን አሳመረው። (ሳቅ) አየህ፣ አፍረን ቀሎ ደመወዝ የሚከፍለው ክፍለ ጦር አልነበረውም። እንዲያውም በንጉሡ ጊዜ ታገደ። አሊ ቢራ ራሱ በኋላ ነው አዲስ አበባ ሄዶ ክቡር ዘበኛ የገባው። ያ ሰው ኡድም (የዐረቡን ባለ ክር መሣሪያ)፣ አኮርዲዮንም፣ ጊታርም ይጫወት ነበር። በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በዐረብኛ፣ በአማርኛ ዘፍኗል። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲሞት ከተማው እንዴት እንደሆነ ታስታውሳለህ።

ኦርጋን፦ የዚያን ሳምንት ሰርግ ላይ የሱን ዘፈን ጀመርኩ፣ ማንም አልጨፈረም። ቆመው አብረው ዘፈኑ። ሙሽሪት ቬሏን ይዛ ስታለቅስ... እሺ፣ ካሴቱን ንገሪያቸው።

ካሴት፦ እሺ። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ የአጎቴ ሱቅ ውስጥ ውኃ ገባ። ያ ሌሊት ከሁለት መቶ በላይ ሰው የሄደበት ነውና ስለ ካሴት ማውራት ያሳፍራል። አጎቴም አላወራም። ዝም ብሎ የተረፈውን ሰብስቦ ጣሪያ ላይ አሰጣው። አብዛኛው ተጣለ። አንዷን ግን በፌስታል ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ከቷት፣ ካረፈ በኋላ አገኘኋት። ጽሑፏ ታጥቧል። "ሰርግ" የሚለው ብቻ ይነበባል።

ኦርጋን፦ ለእኔ አመጣችልኝ። አምስት ቡሎን አላት፤ ፈታሁ። ውስጧ ጭቃ ነው፣ የደረቀ፣ እንደ ዱቄት። ሪባኑን በተጣራ ውኃ አጠብኩት፣ ጥላ ውስጥ አደረቅሁት። ፀሐይ ላይ ካሰጣሽው ይኮማተራል። ከዚያ ከታይዋን፣ ከኛው ገበያ፣ የገዛሁት ባዶ ካሴት ውስጥ አስገባሁት። በቢክ እስክርቢቶ ነው የጠመዘዝኩት፣ እንደ ልጅነታችን። ሦስት ማታ ፈጀብኝ።

ካሴት፦ ከዚያ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ደወለ። "ነይ" ብቻ አለኝ።

ኦርጋን፦ ኡድ ነው። ኡድና አኮርዲዮን፣ አንድ ከበሮ፣ ጭብጨባ። አንድ ሴት በሐረሪ ትጀምራለች፣ ሰውየው በኦሮምኛ ይመልስላታል፣ ተቀባዮቹ ደግሞ ያሻቸውን። ማን እንደሆኑ ስም የለም። እኔ በነጋታው በኪቦርድ ላወጣው ሞከርኩ፣ አልሆነም። ኡድ እንደ ጊታር አንገቱ ላይ ኖታውን የሚለይ ፍሬት የለውም፤ ጣቱ በሁለት ኖታ መሃል ያድራል። በፒች ቤንዱ፣ ኖታውን በሚያንሸራትተው፣ እየጎተትኩ ብሞክር የታመመ ድመት ሆነ። በመጨረሻ ኡዱን ለቀቅኩና አኮርዲዮኑን ብቻ ያዝኩ። እሱ እሺ አለኝ።

ካሴት፦ ለዚህ ነው ጊታሪስቱን ግሩም መዝሙርን የምጠቅሰው። አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክትን እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጀምር ጥሩንባውን አልመለሰም። ከዚያ በፊት የነበረውን ነው የፈለገው፦ አኮርዲዮን፣ ክላርኔት፣ የአየለ ማሞ ማንዶሊን። ድምፁ የድሮ ነው፣ ግን ከዚህ በፊት የሰማሁት አልመሰለኝም፤ አዲስ ነው የሆነብኝ።

ኦርጋን፦ ሙሽራውን እንደገና ጠራሁትና ካሴቱን አሰማሁት። መጀመሪያ ፊቱን አኮሳተረ። "ይሄ የአያቴ ነው" አለ። "ክላሲክ አላልክም?" አልኩት። ተደራደርን። ለምሳው ካሴቱ ላይ ካሉት ሁለቱን በአኮርዲዮን እንጫወታለን፤ አንድ ጓደኛችን ኡድ የሚችል አጎት አለው። ማታ ደግሞ ያው ሳክስ የሚል ቁልፌ።

ካሴት፦ ዋጋውስ?

ኦርጋን፦ ዋጋው ያው ነው አቦ። ምሳ ጨመረ።

ካሴት፦ (ሳቅ) እስኪ ትንሽ እናሰማቸው። መሃል ላይ ይንተፋተፋል፣ ታገሡ።

(የካሴት ድምፅ፦ ኡድ፣ አኮርዲዮን፣ ጭብጨባ፤ ከሥር የማያቋርጥ ሹሹታ)

ኦርጋን፦ ያ ከሥር የሚሰማው ሹሹታ፣ የሪባኑ ነው ብዬ በኮምፒውተር ላጠፋው አንድ ሌሊት ታገልኩ። ስነካካው እየዞረ ከፍ ዝቅ ይላል። ሪባን እንደዚያ አያደርግም። አሁን፣ አሁን ስሙ፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ሴትየዋ የምትለውን።

(የካሴት ድምፅ፦ ሳቅ፤ የሴት ድምፅ፣ "ኧረ ያንን ቬንትሌተር ዝጉት፣ ድምፃችንን በላው!")

ካሴት፦ አልዘጉትም።

ኦርጋን፦ እንዴት ይዘጉታል፣ በዚህ ሙቀት?