ባዶ ኪሎ ሜትር

ሰላም ወገኖቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? በስልክ ጥሪ የምሠራ የታክሲ ሹፌር ነኝ፤ አያት አካባቢ ጥግ ይዤ፣ ሞተር አጥፍቼ ነው የማወራችሁ። ደንበኛ ካወረድኩ ሃያ ደቂቃ ሆኖኛል። ድሮ ቢሆን ይሄኔ ባዶዬን ወደ መገናኛ እየከነፍኩ ነበር።

ዛሬ ስለ ቤንዚን ነው። ሰኔ 2014 ላይ ሊትሩን 36 ብር ከ87 ሳንቲም እንቀዳ ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ የመንግሥት የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሳት ሲጀምር 47 ብር ከ83 ገባ። ታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ላይ ደግሞ 101 ብር ከ47። ከዚያ በኋላም ጨምሯል። እኔ በየጭማሪው የማውቀው መላ አንድ ብቻ ነበር፦ ሰዓት መጨመር። ከንጋቱ 11 ሰዓት ወጥቼ ማታ 4 ሰዓት እገባለሁ። ልጄን ተኝታ ትቻት እወጣለሁ፣ ተኝታ አገኛታለሁ። ወር ሲደርስ ግን እጄ ላይ የሚቀር ነገር የለም።

ባለቤቴ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላት። ቤንዚን 101 በገባ ሰሞን፣ አንድ ማታ ብር ስቆጥር አየችኝና «እኔ ስኳር ስሸጥ መጀመሪያ የገዛሁበትን ነው የማነሳው። አንተ አንዷን ኪሎ ሜትር በስንት ትገዛታለህ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ስንት ዓመት ስነዳ ይህን አስቤው አላውቅም።

በማግስቱ ደብተር ገዛሁ። የእኔ መኪና በከተማው ጭንቅንቅ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ስለዚህ በ101 ብሩ ጊዜ አንድ ኪሎ ሜትር በቤንዚን ብቻ ስምንት ብር ተኩል ገደማ ማለት ነበር። በ36 ብሩ ጊዜ ሦስት ብር ነበር። ያን ቀን 140 ኪሎ ሜትር ነዳሁ። ሰው ጭኜ የሄድኩት 80ውን ብቻ ነው። 60 ኪሎ ሜትር ባዶ! አምስት ሊትር፣ 507 ብር። ደብተሩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። የሚያደክመኝ ሥራው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ግማሽ ቀኔን ማንንም ሳልጭን ነው የምዞረው።

አሁን ሰው ባወረድኩበት አካባቢ እቆማለሁ። ከባድ ነው፣ አልዋሻችሁም። ጥሪ ሳይገባ ሩብ ሰዓት ሲያልፍ እግር ይበላል፤ ቦሌ ብሄድ ይሻለኝ ነበር ያሰኛል። ጀበና ቡና ያለበት ጥግ ካገኘሁ ይቀለኛል። ደንበኛ ለማንሣት ብቻ አራት ኪሎ ሜትር የሚያስኬደኝን ጥሪ አልቀበልም። ሽሮ ሜዳ ያለችውን ዳገት የወጣ ሹፌር ደግሞ ዳገት ምን ያህል እንደሚጠጣ ያውቃል፤ እሷንም እቆጥራለሁ። የጎማ ነፋስ በየሳምንቱ አስለካለሁ። ማደያ ሰልፍ ሳይበዛ፣ ታንከሩ ግማሽ ሳለ እቀዳለሁ።

የኤሌክትሪክ መኪና ግዛ የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው፤ ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባትም ተከልክሏል። እኔ ግን የዚችን ዕዳ ገና አልጨረስኩም። እንደኔ ያለው ብዙ ነው።

ጥሪ የሚልኩልን የታክሲ ድርጅቶች ደንበኛ ለማንሣት የምንሄድበትን መንገድ በታሪፉ ውስጥ በደንብ ቢያስቡልን እላለሁ። ያ ኪሎ ሜትርም ቤንዚን ይጠጣል። ኮሚሽን ሲቆረጥ ይህን የሚያይልን የለም።

አንድ ነገር ግን ከብዶኛል። ጥሪ ተቀብሎ፣ ደውሎ «ወዴት ነው?» ብሎ፣ ካልጣመው መሰረዝ። እኔም አድርጌዋለሁ። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ከሆስፒታል በር ላይ አነሣሁ። ዝናብ ነው፣ ነጠላቸው ርሷል። «ልጄ፣ ሦስት ሹፌሮች ወዴት ነው ብለው ጠየቁኝና ጠፉ» አሉኝ። አልቆጡም፤ ዝም ብለው መስኮት መስኮቱን ያያሉ። እኔ ምን እንደምላቸው ጠፋኝ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛው ያለበት ቦታ ሩቅ ከሆነ ገና ከመነሻው አልቀበልም። ከተቀበልኩ ግን እሄዳለሁ፤ ወዴት ነው ብዬም አልደውልም።