ካልሲየም በአንጎል ሴል ውስጥ፦ ቡና የሚነካው በር የትኛው ነው?

[ምስል፦ የነርቭ ሴል ጫፍ፤ ውጭው በካልሲየም ነጠብጣብ የተሞላ፣ ውስጡ ባዶ ሊባል የሚችል]

ከአንጎል ሴል ውጭ ባለው ፈሳሽ የካልሲየም መጠን 1.2 ሚሊሞላር (የክምችት መለኪያ) ገደማ ነው። ሴሉ ባረፈበት ጊዜ ውስጡ ያለው ግን ወደ 100 ናኖሞላር ብቻ ነው፤ ናኖሞላር የሚሊሞላር ሚሊዮነኛ ነው። ልዩነቱ ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ ይሆናል። ይህን ልዩነት ለመጠበቅ ሴሉ ኤቲፒ የተባለውን የኃይል ሞለኪውል ያለማቋረጥ ይፈጃል፤ ፓምፖቹም ካልሲየሙን ወደ ውጭና ወደ ውስጠኛው ማከማቻ፣ ወደ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም፣ ይገፉታል። ወጪው የሚያዋጣው ውስጡ እንዲህ ዝቅ ብሎ ሲቆይ ጥቂት አዮን (ኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት፣ እዚህ ካልሲየም) መግባቱ እንኳ ወዲያው ስለሚለይ ነው።

[ምስል፦ የኤሌክትሪክ ምልክት በአክሰኑ፣ በነርቭ ሴሉ ረጅም ክር፣ ላይ ሲጓዝ]

ምልክቱ ጫፍ ሲደርስ በቮልቴጅ የሚሠሩት የካልሲየም ቻናሎች፣ የሴሉ ሽፋን በሮች፣ ይከፈታሉ። የካልሲየሙ መጠን ወደ አሥሮች ማይክሮሞላር (የሚሊሞላር ሺህኛ) የሚወጣው በቻናሉ አፍ አካባቢ፣ በአሥሮች ናኖሜትር ክልል ውስጥ ብቻ ነው። እዚያው 40 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ከረጢቶች ግሉታሜት ወይም ሌላ መልእክተኛ ይዘው ተዘጋጅተዋል። ከረጢቱ ላይ የተተከለው ሲናፕቶታግሚን የተባለ ፕሮቲን ካልሲየሙን ሲይዝ ከረጢቱ ከሽፋኑ ጋር ይዋሃድና ይዘቱን ያፈሳል። ካልሲየም ከገባ በኋላ ይህ ሁሉ 1 ሚሊሰከንድ እንኳ አይፈጅም።

ርቀቱ ወሳኝ መሆኑን ቤተ ሙከራ ያሳያል። ኢጂቲኤ እና ባፕታ ካልሲየምን የሚይዙ ኬሚካሎች ናቸው፤ የመያዝ ብርታታቸው ተቀራራቢ ነው፤ ባፕታ ግን እጅግ ፈጣን ነው። ባፕታ ወደ ነርቩ ጫፍ ሲገባ የመልእክተኛው ልቀት ይወድቃል። ኢጂቲኤ ግን በብዙ ሲናፕሶች (የነርቭ ሴሎች መገናኛዎች) ላይ ያን ያህል አይነካውም፤ እስኪይዝ ድረስ ካልሲየሙ ሥራውን ጨርሷል። ስለዚህ ኢጂቲኤ ጨምራችሁ ለውጥ ካላያችሁ፣ ካልሲየም አያስፈልግም ብላችሁ አትደምድሙ።

መጠኑም እንደዚሁ ነው። ዶጅ እና ራሃሚሞፍ እ.ኤ.አ. በ1967 በእንቁራሪት ነርቭና ጡንቻ መገናኛ ላይ ሲለኩ፣ ካልሲየም ዝቅተኛ በሆነበት ክልል ልቀቱ የካልሲየሙን መጠን በአራተኛ ኃይል ይከተል ነበር። ግማሹ ሲቀር ልቀቱ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል ማለት ነው።

[ምስል፦ ተቀባዩ ሴል]

በተቀባዩ ሴል ውስጥ ካልሲየም ራሱ መልእክተኛ ይሆናል። አራት የካልሲየም አዮን የያዘ ካልሞዱሊን የተባለ ፕሮቲን፣ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለውን ሌላ የውስጥ መልእክተኛ የሚሠራውን ኢንዛይም፣ አዴኒሊል ሳይክሌዝን፣ ይነካል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የኢንዛይሙ 1ኛና 8ኛ ዓይነቶች በካልሲየምና ካልሞዱሊን ይነቃሉ፤ 5ኛና 6ኛ ዓይነቶች ደግሞ ካልሲየም ሲበዛ ይታገዳሉ። ያው ካልሲየም አንዱ ሴል ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒን ከፍ ሲያደርግ ሌላው ውስጥ ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ሴሉ የትኛውን ዓይነት እንደያዘ ሳታውቁ ውጤቱን መናገር አትችሉም።

ካልሲየሙ ሳይወጣ ከቆየ ጉዳት ይመጣል። አንጎል ደም ሲያጥረው ኤቲፒ ያልቃል፣ ፓምፖቹ ይደክማሉ፣ ግሉታሜት ይጠራቀማል፤ በካልሲየም የሚነቃው ካልፔይን የተባለ ኢንዛይም ደግሞ የሴሉን ፕሮቲኖች ይቆራርጣል።

[ምስል፦ ስኒና ጀበና፤ ቀጥሎ የአዴኖሲን ተቀባይ]

ጅማ ላይ ይህን የምታዩ ሁሉ ስለ ቡና መጠየቃችሁ አይቀርም። ካፌይን ከውስጠኛው ማከማቻ ካልሲየም ያስለቅቃል የሚለው እውነት ነው፤ በቤተ ሙከራ ግን ለዚያ የሚጨመረው ብዙ ጊዜ 10 ሚሊሞላር ነው። አቦልና ቶና የጠጣ ሰው ደም ውስጥ ያለው ከ100 ማይክሮሞላር በታች ነው። በዚህ መጠን ካፌይን የሚሠራው የአዴኖሲን (የነርቭን ሥራ የሚያረጋጋ የአንጎል ንጥረ ነገር) ተቀባዮችን በመዝጋት ነው። አዴኖሲን ኤ1 በተባለው ተቀባዩ በኩል የነርቭ ጫፍ የካልሲየም ቻናሎችን ያዳክማል። የሚገባው ካልሲየም በ25 በመቶ ቢቀንስ፣ በአራተኛው ኃይል ስሌት ከልቀቱ 32 በመቶ ገደማ ብቻ ይቀራል። ካፌይን የሚያነሳው ይህን እገዳ ነው።