የሚያፈስ ራዲያተርና የኩላንት ምርጫ፦ ድሬዳዋ ላይ አሮጌ መኪና ለሚነዳ ሁሉ

(ምስል፦ የደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት፣ ከታች ወደ ላይ)

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ወደ ሐረር ስትወጡ ደንገጎ ላይ 2,000 ሜትር ግድም ትደርሳላችሁ። ሞተር ከሁሉ በላይ የሚለፋው እዚያ ዳገት ላይ ነው፤ ውሃ ቶሎ የሚፈላውም እዚያው ነው። ባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ ድሬዳዋ በ96፣ ደንገጎ አናት ላይ ደግሞ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ለወራት ሳያስቸግር የከረመ ፍሳሽ ደንገጎ ላይ ቢያጋልጣችሁ አይግረማችሁ።

የጎደለውን ውሃ እየሞሉ መንዳት ጥገና አይደለም። መጀመሪያ ፍሳሹ ከየት እንደሆነ እንወቅ።

(ምስል፦ ከሞተር ሥር የተዘረጋ ካርቶን)

ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን ዘርጉና ጠዋት ጠብታውን ተመልከቱ። የአየር ማቀዝቀዣ ከፍታችሁ ከነበረና ጠብታው ቀለም የሌለው ንጹሕ ውሃ ከሆነ፣ እሱ የአየር እርጥበት ነውና ራዲያተር አታስፈቱ። በዚህ ሙቀት ግን ትንሽ ፍሳሽ መሬት ሳይደርስ ስለሚደርቅ፣ ካርቶኑ ንጹሕ መሆኑ ብቻውን አያረጋግጥም። ኮፈኑን ክፈቱና የደረቀውን ዱካ ፈልጉ፦ በራዲያተር ጎማው (ውሃ በሚያስተላልፈው ቱቦ) ጫፍ፣ በራዲያተሩ መጋጠሚያ፣ በውሃ ፓምፑ ሥር የተጋገረ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት። ፓምፑ ከሥሩ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለችው፤ ሆን ተብላ የተተወች ናት። ከእሷ የወረደ ዱካ ካያችሁ የውስጡ ላስቲክ አልቋል ማለት ነው። ቀዳዳዋን መድፈን ሳይሆን ፓምፑን መቀየር ነው።

(ምስል፦ የራዲያተር ክዳን፣ ቁጥሩ እስኪነበብ ቀርቦ)

ክዳኑን ብዙ ሰው ይንቀዋል። በላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታትሟል፤ የሚይዘው ግፊት ነው። 0.9 የሚለው በደንብ ከያዘ የመፍያውን ነጥብ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ላስቲኩ የተሰነጠቀ ክዳን ግን ምንም ሳይንጠባጠብ ውሃውን በእንፋሎት ያስወጣዋል። ርካሽ ነው፤ መኪናው የሚጠይቀውን ቁጥር ይዛችሁ ቀይሩት። ሞተሩ ሳይበርድ ግን በጨርቅም ሆነ በጓንት አትክፈቱት።

የራዲያተሩ ጎማ በፋሼታው (በማሰሪያ ቀለበቱ) አጠገብ ከተሰነጠቀና ርዝመቱ ከበቃ፣ የተጎዳውን ጫፍ ቆርጣችሁ፣ የሚገባበትን ቧንቧ በብርጭቆ ወረቀት አጽድታችሁ መልሳችሁ ማሰር ትችላላችሁ። በእጅ ሲጨመቅ የሚንኮሻኮሽ ወይም የላላ ጎማ ግን ጊዜው አልፏል። የመዳብና የነሐስ ራዲያተር በእርሳስ ቅይጥ ይበየዳል። አሉሚኒየም ሆኖ ጎኑ ፕላስቲክ የሆነውን መቀየር ይሻላል። ስለ እንቁላል ነጭና ስለ ማሸጊያ ዱቄት ከጠየቃችሁኝ፦ ፍሳሹን ሊደፍን ይችላል፤ ቀጫጭኖቹን የራዲያተር ቱቦዎችም አብሮ ይደፍናል። መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ካልሆነ አልመክርም።

ሞተሩ እየሠራ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ ወይም ዘይቱ የማኪያቶ መልክ ከያዘ፣ ጉዳዩ የቴስታታ ጋስኬት ነው፤ በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ ማለት ነው። ያኔ ወደ ጋራዥ፣ በመጎተት።

(ምስል፦ የተለያየ ቀለም ያላቸው የኩላንት ጠርሙሶች)

አሁን ወደ ኩላንቱ፣ ከውሃ ጋር ተደባልቆ ሞተሩን ወደሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ። «እዚህ በረዶ የለም፣ ኩላንት ምን ያደርግልናል?» የሚል ክርክር አለ። በረዶውን ተዉት። ግማሽ በግማሽ የተደባለቀ ኩላንት ከውሃ በ7 ዲግሪ ያህል ዘግይቶ ይፈላል፤ ከዚህም በላይ ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል። የድሬዳዋን ውሃ ደግሞ የሻይ ጀበና ያላት እናት ሁሉ ታውቀዋለች፤ ነጭ ድንጋይ ይጋግራል። ያው ድንጋይ ራዲያተር ውስጥም ይጋገራል፣ ሙቀቱም መውጫ ያጣል።

ቀለሙን አትመኑ። ቀለም የአምራቹ ምርጫ እንጂ መለኪያ አይደለም፤ ሁለት አረንጓዴዎች ፈጽሞ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ጠርሙሱ ላይ ኤትሊን ግላይኮል የሚል ጽሑፍና ኤኤስቲኤም ዲ3306 (ASTM D3306) የሚል የኩላንት ጥራት ደረጃ ፈልጉ። ሁለቱም ከሌሉ የምትገዙት ባለቀለም ውሃ ሊሆን ይችላል።

ሐረር ላይ በታክሲነት የሚታወቀው ፔጆ 404 የብረት ብሎክ፣ የአሉሚኒየም ቴስታታና በእርሳስ የተበየደ የመዳብ ራዲያተር ነው ያለው። ለእንዲህ ያለ መኪና ሲሊኬት ያለበት የቀድሞው ዓይነት ኩላንት፣ በየ2 ዓመቱ እየተቀየረ፣ ይስማማዋል። «5 ዓመት ይቆያል» የሚባለው አዲሱ የኦርጋኒክ አሲድ ዓይነት ለእርሳስ ብየዳና ለአሮጌ ጋስኬት ሁልጊዜ አይመችም። ለኮሮላ ዲኤክስና ለመሳሰሉት የጃፓን መኪኖች የተሠራው ኩላንት በብዛት ፎስፌት ያለበት ነው፤ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ከጠንካራ ውሃ ጋር ሲገናኝ ዝቃጭ ይሠራል። ስለዚህ የጃፓኑን ከገዛችሁ የቧንቧ ውሃ አታስጠጉት። የተደባለቀውን ግዙ፣ ወይም ለባትሪ የሚሸጠውን ዲስቲልድ ውሃ ተጠቀሙ። አሲዱን አይደለም፤ ጽሑፉን አንብቡ።

ያልተደባለቀ ኩላንት ብቻውን መሙላትም ስሕተት ነው። ሙቀት ተሸክሞ የሚያወጣው በዋናነት ውሃው ነው።

(ምስል፦ ሞተር በርዶ፣ ክዳን ተከፍቶ፣ ኩላንት ቀስ ብሎ ሲፈስስ)

አሮጌውን አፍስሱ፣ የሚወጣው እስኪጠራ በውሃ እጠቡ። ዝገት ሸፍኗቸው የነበሩ ቀዳዳዎች ከእጥበት በኋላ ሊከፈቱ ይችላሉ፤ ቀድሞ የነበረ ችግር ነው የተገለጠው። የካቢን ማሞቂያውን ክፈቱ። አዎ፣ ድሬዳዋ ላይ። አየር እንዳይታፈን ይረዳል፤ ዳገት ላይ ሙቀት ሲጨምርም ያው ማሞቂያ ትርፉን ያወጣላችኋል። ኩላንቱን ቀስ ብላችሁ ሙሉ፣ ክዳኑን ሳትዘጉ ሞተሩን አስነሡ፣ የላይኛው ጎማ ድንገት ሲሞቅ ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ) ተከፍቷል፤ የጎደለውን ሙሉና ዝጉ።

«ሙቀት ስለሆነ ቴርሞስታቱ ይውጣ» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ አትስማሙ። በብዙ መኪኖች እሱ ሲወጣ ማለፊያው ክፍት ይቀርና የሞቀው ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ሳይደርስ ወደ ሞተሩ ይመለሳል።

ያፈሰሳችሁትን አሮጌ ኩላንት ክዳን ባለው ጀሪካን ያዙት። ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ በየመንገዱ የሚዞሩት ፍየሎችም ልጆችም ሊቀምሱት ይችላሉና ደቻቱ ወንዝ ውስጥ አትድፉት። የአሮጌ ዘይት መሰብሰቢያ ያለው ጋራዥ ካወቃችሁ ኩላንቱንም ይቀበል እንደሆነ ጠይቁት፤ ከዘይቱ ጋር ግን አትቀላቅሉት።