ገና መጸለይ እየተማረ ላለ ሰው
(በወመዘክር አዳራሽ፣ አዲስ አበባ የተደረገ ንግግር)

እናቶቼና አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። ሥራ ውላችሁ፣ በዚህ የታክሲ ሰልፍ ሰዓት እዚህ ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የዛሬው ጉዳይ ቡና ላይም፣ ታክሲ ውስጥም፣ ቲክቶክ ላይም ሰላም የነሳን ጉዳይ ነው። አንድ ዘፋኝ ወይም ተዋናይ ሃይማኖት በለወጠ ቁጥር ከተማው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ "እልል! ወደ ቤቱ ተመለሰ" ይላል። ግማሹ "ለእንጀራው ነው፣ ከዳን" ይላል። ሁለቱም ሰውየውን አያውቁትም።

ከሩቁ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሆሊውድ ውስጥ ቀይ ክር እጅ ላይ ማሰር ወግ ሆኖ ነበር። ክሩ የካባላ ነው። ካባላ ከአይሁድ ሃይማኖት የወጣ፣ ዘመናት ያስቆጠረ ምስጢራዊ ትምህርት ነው። ማዶና አሰረችው፣ ብሪትኒ ስፒርስ አሰረችው፣ ዴሚ ሙር አሰረችው። ክሩ ገበያ ላይ ወጣ። አንገታችን ላይ ማተብ ታስሮልን ያደግን ሰዎች ነገሩ ቶሎ ይገባናል። ክር እምነት ሊሆን ይችላል። ጌጥም ሊሆን ይችላል። ከውጭ ለሚያየው ግን ያው ክር ነው።

ብሪትኒ እ.ኤ.አ. በ2006 ተወችው። ማዶናንም "ይሄም ያልፍላታል" ያላት ብዙ ነበር። ያለፈው ፋሽኑ ነው። እሷ ከ20 ዓመት በላይ ቆየችበት። ልቧን አላውቅም። ግን ያን ጊዜ የፈረድን ሰዎች ቸኩለን ነበር።

ሁሉም ነገር የዝነኛው ጥፋት እንደሆነ አድርገን ማውራት ለምደናል። ጠሪውንም እንየው። ሳይንቶሎጂ የሚባለው ሃይማኖት የአሜሪካ ልጅ ነው፣ የተመሠረተውም በ1950ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የራሱ መጽሔት የታዋቂ ሰዎችን ስም ዘርዝሮ፣ አባላቱ አንዳንድ ሰው መርጠው እንዲያመጡ ጠየቀ። ዝርዝሩ ውስጥ ዋልት ዲዝኒና ግሬታ ጋርቦ ነበሩ። የተጠቀመበት ቃል የሚታደን አውሬ የሚጠራበት ቃል ነው። በ1969 ደግሞ ሎስ አንጀለስ ላይ ለዝነኞች የታሰበ ማዕከል ከፈተ። ጆን ትራቮልታና ቶም ክሩዝ የመጡት መንገዱ ከተጠረገ በኋላ ነው። እንደዚያ እየታደነ የገባ ሰው ስለ ራሱ ቅንነት እንኳ በምን ያውቃል? ይሄ ጥያቄ እንቅልፍ ይነሳኛል።

አሁን ወደ እኛው ልምጣ። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። የቦብ ማርሌ 60ኛ ዓመት ልደት የተከበረበት ቀን ነው። ማርሌን ዓለም የሚያውቀው በራስ ተፈሪያን እምነቱ ነው። ጸጉሩ፣ ባንዲራችን፣ የጃንሆይ ምስል። ዝናውና እምነቱ አንድ ላይ ተሸምነው ነበር። ስለ መጨረሻው ግን ብዙ አይወራም። የመጨረሻ ኮንሰርቱን መስከረም 13 ቀን 1973 ዓ.ም. ፒትስበርግ ላይ አቀረበ። ካንሰሩ ሰውነቱን ጨርሶት ነበር። ልክ በ6 ሳምንቱ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1973 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ። ያጠመቁት አቡነ ይስሐቅ ናቸው። የክርስትና ስሙ ብርሃነ ሥላሴ ሆነ። በግንቦት አረፈ።

እስቲ አስቡት። የሚሸጥ አልበም አልነበረበትም። የሚወጣበት መድረክ አልቀረውም። እንዲያውም ያ ጥምቀት ዓለም ከወደደው ምስል ጋር የሚጋጭ ነበር። ዛሬም ድረስ ካናቴራ ላይ የሚታተመው ብርሃነ ሥላሴ አይደለም።

ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ራፐሩ ስኑፕ ዶግ ጃማይካ ደርሶ መጣና ራስ ተፈሪያን ሆኛለሁ አለ። ስሙን "ስኑፕ ላየን" አደረገ። የሬጌ አልበም ወጣ። ከማርሌ ጋር የዘፈነው በኒ ዌይለር ተቆጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 ስኑፕ የወንጌል መዝሙር አልበም አወጣ። ሰው ሲፈልግ መንገድ ይቀያይራል፣ ያ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ግን በየመንገዱ መታጠፊያ ላይ አዲስ አልበም ካለ፣ አድማጭ ቢጠራጠር አልፈርድበትም።

መሐመድ አሊን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1964 የዓለም ሻምፒዮን በሆነ ማግስት ሃይማኖቱን ተናገረ። በ1967 በእምነቴ ምክንያት አልዘምትም አለ። ቀበቶውን ቀሙት፣ ከሦስት ዓመት በላይ ቦክስ ከለከሉት። በጉብዝናው ወራት! የእኛውን ሙሉቀን መለሰንም አስቡት። ድምፁ ከተማውን በያዘበት ጊዜ ዘፈንን ትቶ ወደ ወንጌል ሄደ። "ጴንጤ" ስድብ የነበረበት፣ አብያተ ክርስቲያናት የሚዘጉበት የደርግ ዘመን ነበር። ክብር ፈልጎ ነው እንዳይባል፣ ምን ክብር ነበረው? በ2016 ዓ.ም. በአሜሪካ እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ስንቱ "እባክህ አንድ ዘፈን" ብሎ ለምኗል!

ዋጋ የተከፈለበት እምነት ለእኔ ይታየኛል። ዋጋ ያልተከፈለበትን ግን ሐሰት ነው ማለት አልችልም። ክርስቲያኑ "ሰው ፊትን ያያል፣ እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል" ይላል። ሙስሊሙ ወንድሜ ሥራ የሚመዘነው በኒያ፣ በልብ ሐሳብ፣ ነው ይላል፣ "ይዩልኝ"ንም አጥብቆ ይፈራል። ይሄን ሁሉ እያወቅን ለምን እንፈርዳለን? መልሴ አይጥማችሁ ይሆናል። ዝነኛውን እንደ ማስረጃ ስለምንፈልገው ነው። "እገሌ እንኳ የእኛ ሆነ" ማለት ያምረናል። በየጉባኤው ፊት ወንበር ላይ እናስቀምጠዋለን፣ ማይክ እንሰጠዋለን፣ ፎቶ እንነሳለን። የገረድ ልጅ ወይም ሊስትሮ በዚያው ቀን ቢያምን ማን ፎቶ ያነሳዋል?

ይሄን የምለው እጄ ስላለበት ነው። ለብዙ ዓመት ሬዲዮ ላይ ሠርቻለሁ። አንድ ወጣት ዘፋኝ ሃይማኖት መለወጡን ሰማሁ። ስሙን አልጠራም። ሳምንት ሳይሞላው ስቱዲዮ አስገባሁት። ከመጀመራችን በፊት ማዳመጫውን እያስተካከለ፣ "ጋሼ፣ እኔ እኮ ገና መጸለይ እየተማርኩ ነው" አለኝ። "አይዞህ፣ የተሰማህን ብቻ ተናገር" አልኩት። ተናገረ። በማግስቱ ቃሉ ከተማውን ሞላው። የተወው ወገን ሰደበው። የተቀበለው ወገን ከጉባኤ ጉባኤ አዞረው። ዓመት ሳይሞላ ከሁለቱም ጠፋ። "አላልናችሁም? ለዝና ነበር" ተባለ። ያን ቀን የቸኮልኩት እኔ ነበርኩ። ሰውየው ነግሮኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ አገኘሁት። ጸጉሩ ሸብቷል። ይቅርታ ጠየቅኩት። ትከሻዬን ሳመኝ። "አሁንስ እንዴት ነህ?" አልኩት።

"አሁን እጸልያለሁ ጋሼ" አለኝ።

የት እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

አመሰግናለሁ።